አባባ ያልደፉት ዘውድ

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶናል። ደብዳቤህ ስልህ ለእኛ ለቤተሰቦችህ የጻፍከውን አይደለም፤ እሱንማ ካየን ስንት ዘመን። ትናንት ጠዋት ከዋናው ከተማ የመጣውን፣ «ለክቡራን የምክር ቤት አባላት» የሚለውን፣ ባለ ቀይ ማኅተሙን ማለቴ ነው። አሁን የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ፖስታውን የከፈትኩትም እኔው ነኝ። በሚቀጥለው ወር የድንበርና የንግድ ውል ለመፈረም የሚመጡትን መልእክተኞች የሚመራው ማን እንደሆነ ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁና መስኮቱን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ደግሞ ከፈትኩት። ከእኔ ጋር የምትሠራው ልጅ ግራ ገብቷት «ምነው፣ አመምዎት እንዴ?» አለችኝ።

«ወንድሜ ሊመጣ ነው» አልኳት።

«ውይ እንኳን ደስ አለዎት! ከየት ነው የሚመጡት?»

ምን ልበላት? «ከውጭ አገር» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴኑ ገረመኝ። ባቡሩ ያው ባቡር ነው፣ ሐዲዱም ያው ሐዲድ ነው፤ አንተ በልጅነትህ በመስኮት አንገትህን አውጥተህ የሄድክበት።

እንግዲህ ስትመጣ አንተ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ እኔ ከጠረጴዛው ወዲህ ነው የምንቀመጠው። በመካከላችን ብዙ ወረቀት ይኖራል፤ ብዙ ሰውም ይኖራል። እዚያ ላይ የማይነገር ነገር ስላለ ነው አሁን የምጽፍልህ። አንተ አባባን የምታውቃቸው እስከ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው የነገሩህ ሌሎች ናቸው። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን ከጎናቸው ተቀምጬ የጽሕፈት መኪና ስመታ ነው የኖርኩት። ስለዚህ አንዴ ታገሠኝና ስማኝ።

የሄድክበትን ቀን ታስታውሳለህ? የገዥ ልጅ ሁሉ ዋናው ከተማ በሚገኘው ትልቁ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፤ ክብር ነው፤ አሉን። እኔ በቅናት ተቃጥዬ ነበር። እማዬ ሸሚዝህን እያጣጠፈች «ክብር ከሆነ ሴቶቹንስ ለምን አይወስዷቸውም?» አለች። አባባም፣ እሷም፣ ምግብ አብሳይዋም የሚያውቁትን ነገር ያላወቅነው እኔና አንተ ብቻ ነበርን። ልጁ እዚያ የተቀመጠ ገዥ እዚህ ሆኖ አያምጽም። ነገሩ ይኸው ነበር። አባባ ደግሞ ማመጽ ቀርቶ የንጉሠ ነገሥቱን ፎቶግራፍ አቧራ እንኳ ራሳቸው በመሐረባቸው ነበር የሚጠርጉት።

ከዚያ ሽማግሌው ንጉሠ ነገሥት ሞቱ። አንተ እዚያው ነበርክና ያለቀስከውን አልቅሰሃል። የመጀመሪያው ልጃቸው ዙፋን ላይ ወጣ፤ «ታማኝነትህን አረጋግጥ» የሚል ቴሌግራም መጣ፤ አባባ መልስ አስጻፉኝ። ዓመት ሳይሞላ ወንድሙ አወረደው፤ ያው ቴሌግራም መጣ። ደግሞ አጎታቸው ሁለቱንም አወረዳቸው። «አባባ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» ስላቸው ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ያንኑ። ስሙን ብቻ ቀይሪው» አሉኝ። እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም፤ ከልባቸው ነበር። ዙፋኑ ላይ ማንም ይቀመጥ ማን፣ ዙፋኑ ዙፋን ነበር ለሳቸው።

አሁን በየትምህርት ቤቱ ልጆች «መንግሥታችን የተመሠረተበት ዘመን» እያሉ ይማራሉ። እኔ እዚያው አባባ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ፤ ሲመሠረት ያየሁት ነገር የለም። ያየሁት ሲቀር ነው። የአስተማሪዎች ደሞዝ ቀረ። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቀረ። ለወንዙ ግንብ ማደሻ የሚላከው ድንጋይና ሲሚንቶ ቀረ። አባባ ይጽፋሉ፣ እኔ እተይባለሁ፣ ባቡሩ ይወስዳል። «ታገሡ» የሚል ይመጣል። በኋላ ግን እሱም ቀረ።

ኮሎኔሉን መቼም አትረሳቸውም፤ «ቅንድቦ» ብለህ ስም ያወጣህላቸው። አንድ ቀን ጠዋት መጡና ቆመው ቀሩ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ።

«ክቡርነትዎ፣ ወታደሮቼ ጫማቸውን ገበያ አውጥተው ሲሸጡ ያዝኳቸው።»

«ቀጧቸው?» አሉ አባባ።

«በምን አፌ ልቅጣ? እኔም የእጅ ሰዓቴን ሸጫለሁ።» ባዶ አንጓቸውን አሳዩ። «ጫማ የሸጠ ወታደር ነገ የሚሸጠው ጠመንጃውን ነው። የዚህ ዓመት ግብር ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ተቀምጧል። በሚቀጥለው ባቡር ሊጫን ነው አይደል?»

«እሱ የዙፋኑ ነው፤ የእኛ አይደለም።»

«ወታደሩስ የማን ነው?»

አባባ ወደ እኔ ዞረው «ጻፊ ልጄ» አሉ። ለወታደሩና ለአስተማሪው ደሞዝ የሚሆነውን ከግብሩ ላይ በብድር እንደወሰዱ፣ የቀረውን እንደላኩ፣ መንግሥት ሲደላደል እንደሚመልሱ አስጻፉኝ። «ብድር» የሚለው ቃል እንዳይሳሳት ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። በሁለተኛው ዓመት ወንዙ ግንቡን ጥሶ ታችኛውን ሰፈር በላው፤ ግብሩ በሙሉ ድንጋይ ሆነ። ያን ጊዜም «ብድር» አሉ። በሦስተኛው ዓመት ቃሉን ሳይነግሩኝ ዘለሉት። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

በዚያ መካከል አንድ ነገር ተለወጠ፤ መቼ እንደተለወጠ ግን ልነግርህ አልችልም። ድሮ ሰው «መንግሥት» ሲል እጁን ወደ ባቡር ጣቢያው አቅጣጫ ነበር የሚያወናጭፈው። ቀስ በቀስ ወደ እኛ ቢሮ መስኮት ሆነ።

እንደ አባባ ገዥ የነበረው የምዕራቡ ጎረቤታችን ነገሩን በስሙ ጠራው፤ ዘውድ ደፋ። የሄዱ ሰዎች እንዳወሩልን ዘውዱ በወርቅ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነበር። የንግሥ በዓሉ ዕለት ዝናብ ጣለና ቀለሙ ግንባሩ ላይ እየወረደ ንጉሡ ቢጫ ሆኖ ዋለ አሉ። ቢሆንም ነገሠ። ወደ አባባ መልእክተኛ ልኮ «ምን ትጠብቃለህ? አንተም ንገሥና ወንድማማች ነገሥታት እንሁን» አላቸው። የእኛም ነጋዴዎች ይህንኑ ይዘው መጡ። አባባ አንገታቸውን እያሻሹ «ዘውድ ይከብደኛል፤ የአንገት ሕመም አለብኝ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አንዳንዱ ትሑት ናቸው አለ፣ አንዳንዱ ደግሞ ፈሪ ናቸው አለ።

አሁን አንተ ስለምታውቀው፣ ወይም የምታውቅ ስለሚመስልህ ቀን ልንገርህ።

ቴሌግራሙ እንዲህ ይል ነበር፦ «ተተኪዎ ተልኳል። ማኅተሙን አስረክበው ባስቸኳይ ወደ ዋናው ከተማ ይምጡ። ልጅዎ በእኛ ጥበቃ ሥር በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል።» ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። የመጨረሻውን መስመር ድገሚልኝ አሉኝ።

«ደህና ነው እኮ አባባ፤ ጥሩ ዜና ነው» አልኩ እንደ ሞኝ።

«አዎ» አሉ። «እስካሁን ደህና ነው እያሉኝ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። አባባ ኮታቸውን አነሡ፣ ቤት ሄዱ፣ እማዬን «ዕቃ አዘጋጂ» አሏት። ወንድሜ፣ ይህችን ነገር ከሁሉ አስበልጠህ እንድትይዛት እፈልጋለሁ፦ አባባ ሊመጡልህ ተነሥተው ነበር። ማንንም አላማከሩም። ኮሎኔሉ ሲንተከተኩ «ልጄ ነው» ብለው ዝም አሰኟቸው። እማዬ የምትይዝልህን ልብስ ስትሰፋ ትከሻህ የት እንደደረሰ ስለማታውቅ በእኔ ትከሻ ላይ ትለካና «እሱ ከአንቺ ሳይሰፋ አይቀርም» እያለች ትጨምርበት ነበር። ያ ኮት እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ። ማንም አይለብሰውም፤ ለግዙፍ ሰው የተሰፋ ነው።

ጣቢያው ላይ ከተማው በሙሉ ወጥቶ ነበር። ማንም አትሂዱ አላለም። ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቅ ነበር። ያቺ ባለ ወፍጮዋ፣ በኋላ የምክር ቤት አባል የሆነችው፣ እጇ ላይ ዱቄቱ እንዳለ መጣችና «ይሂዱ፤ ልጅ ነው፤ እኔም ብሆን እሄዳለሁ» ብላ አባባን ጨበጠቻቸው፤ ኮታቸው ነጭ ሆነ። እማዬ መድረኩ ላይ ትልቁ ሻንጣ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ደስ ብሏት ነበር፤ ለስንት ዓመት እንደዚያ ደስ ብሏት አላየሁም።

ተተኪው የመጣበት ባቡር ነበር እኛን ይዞ የሚመለሰው። ገና ሳይቆም ወታደሮቹ ከጣሪያው ላይ መዝለል ጀመሩ። የከሱ፣ የተቀዳደደ ልብስ የለበሱ፣ ዐይናቸው የትም የሚንከራተት ልጆች ነበሩ። በመጀመሪያ የመንገደኞችን ስንቅ ነጠቁ። ከዚያ አንዱ የባለ ወፍጮዋን በቅሎ ልጓም ያዘ። ኮሎኔሉ ወታደሮቻቸውን በዐይናቸው ያዟቸው እንጂ እዚያው ደም ይፈስ ነበር።

ርክክቡ በጣቢያ ሹሙ ክፍል ነበር፤ እኔ ልጽፍ ገባሁ፤ ኮሎኔሉም ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ተተኪው ቀጭን ሰው ነበር፤ ያስለዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ምናልባት ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር። አባባ ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «እነዚህ ልጆች ከተማ ከመግባታቸው በፊት ሥርዓት ቢይዙ ጥሩ ነው» አሉ።

«አይችሉም» አለ ሰውየው፤ በትሕትና ነው ያለው። «ከበጋው ጀምሮ አልተከፈላቸውም። ይህን ሹመት ራሴ ተበድሬ ነው የገዛሁት፤ አሁን እዚያ ሹመት የሚገዛ ዕቃ ሆኗል። ሦስት ቀን ገበያውን እሰጣችኋለሁ ብዬ ነው እዚህ ያደረስኳቸው። ከሦስት ቀን በኋላ እኔው ሥርዓት አስይዛቸዋለሁ።»

«ገበያውን ማለት?»

«ገበያውን ነዋ» አለና አሳለው። «ያገኙትን።»

በመስኮቱ ውጭው ይታያል። እማዬ ሻንጣው ላይ እንደተቀመጠች ናት። አባባ አዩዋት። እሷም አየቻቸው። ምን እንደተባለ አልሰማችም፤ የባሏን ፊት ግን ታውቀዋለች፤ ከሻንጣው ላይ ተነሥታ ቆመች። ራሷን ግራና ቀኝ ስትነቀንቅ አየኋት። አባባም አይተዋል። ዘወር አሉ፣ ማኅተሙን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ።

«ኮሎኔል፣ እነዚህን ልጆች አብሏቸው። ሲጠግቡ በመጡበት ባቡር ይመለሱ።»

ኮሎኔሉ «በማን ትእዛዝ ልበላቸው?» ብለው ጠየቁ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ «በግርማዊነታቸው ስም»። አባባ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት።

«በእኔ» አሉ።

ወንድሜ፣ መንግሥት ተመሠረተ ከተባለ የተመሠረተው ያኔ ነው፤ በአንዲት የጣቢያ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ቃል። ከበሮ አልተመታም። አባባ ፊታቸው አመድ መስሎ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ተተኪው ግራ ገብቶት «ክቡርነትዎ፣ ልጅዎንስ ረሱት?» አላቸው።

«አልረሳሁትም» አሉ። ቀጥለው «አንተስ ልጅ አለህ?» አሉት።

«ሁለት።»

«እንግዲያው ስትመለስ ልጄን አግኘውና እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ።»

አንድ ሳል ያለበት ቀጭን ሰው ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥቶ «እንዴት ነህ? ምን ትበላለህ? ትተኛለህ ወይ?» ብሎ ጠይቆህ እንደሄደ ታስታውስ እንደሆነ አላውቅም። እሱ ነበር። ቃሉን ጠብቆ ጻፈልን። «ረዝሟል። ፊቱ ትንሽ ገርጥቷል። ጠባቂዎቹ ክፉ አይደሉም» ይላል። ጠባቂዎቹ ክፉ ያልሆኑት እማዬ የእጅ አምባሮቿን በሙሉ አውልቃ በዚያው ሰው እጅ ስለላከችላቸው ነው። ይህንንም ማንም አልነገረህም።

እማዬ ግን አባባን አላናገረቻቸውም። ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ አላናገረቻቸውም። ክፍልህ ገብታ አልጋህ ላይ መተኛት ጀመረች። ገበታ ታቀርባለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ ቃል ግን የለም። እኔም ከእሷ ጋር ነበርኩ። ቢሮ ውስጥ «አዎ አባባ፣ እሺ አባባ» እላለሁ፤ ቤት ስገባ ዝም። እሳቸውም አንድም ቀን ራሳቸውን አልተከላከሉም። አንዳንዴ በር ላይ ቆመው ክፍልህን ይመለከቱና ይሄዳሉ።

የከተማው ትልልቅ ሰዎች ለምሳ ቤታችን የመጡት ያኔ ነው። ተመካክረው ነበር የመጡት። ኮሎኔሉ ጀመሩ፤ ወታደሩ ለሳቸው ሊምል ይፈልጋል አሉ። ነጋዴዎቹ የራሳችን ገንዘብ ይታተም አሉ። ባለ ወፍጮዋ ደግሞ እንደ ልማዷ ዙሪያውን መዞር አታውቅም፤ «ክቡርነትዎ፣ ግብር የማንልክለት፣ ሹም ቢልክ የምንመልስበት ንጉሥ ስሙ እስከ መቼ ነው ወረቀታችን ራስጌ ላይ የሚጻፈው? ጎረቤቶቻችን ስም የለሾቹ እያሉን ነው» አለቻቸው።

አባባ የአንገት ሕመማቸውን ሊያነሡ ሲሉ «እሱን ቀልድ ሰምተነዋል» አለች።

እኔ መጻፌን አቁሜ አየኋቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ እዚያ ነው» አሉ። «ስማቸውን እስከ ጻፍኩ ድረስ ለራሳቸው 'ታዛዣችን ነው፣ መንገድ ተዘግቶበት ነው፣ ይዘገያል እንጂ ይልካል' ማለት ይችላሉ። እንዲህ ማለት ለእነሱም ይመቻቸዋል፤ ተሸነፍን ከማለት ይሻላቸዋል። ስሙን የፋቅኩት ዕለት ግን አንድ ነገር ማድረግ ግድ ይሆንባቸዋል። እዚህ ድረስ መጥተው እኔን ምንም ሊያደርጉኝ አይችሉም። የሚያደርጉት እጃቸው የሚደርስበትን ነው።» ውኃ ጠጡ። «ሌላ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ትምህርት ቤት እከፍታለሁ፣ ፍርድ ቤት አቆማለሁ፣ ግንቡን እጨርሳለሁ። ዘውድና ስም አትጠይቁኝ።»

እማዬ ኮሪደሩ ላይ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር፤ ሁሉን ሰምታለች። ገባች፣ ሳህኑን ፊታቸው አስቀመጠች፣ ጎናቸው ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንግዶቹ ሁሉ እያዩ «ብላ እንግዲህ፤ ቀዘቀዘብህ» አለቻቸው። ኮሎኔሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቅንድባቸውን አሻሹ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው፤ ግን ስትመጣ በዐይንህ ታየዋለህ። ሰሜኖቹ ነጻነታቸውን አወጁ። ምሥራቆቹ ተሰብስበው መሪ መረጡ። አንዱ ትልቅ አገር እንደ አሮጌ ሸማ በየስፌቱ ተተረተረ፤ እኛ ብቻ ስም ሳይኖረን ቀረን። ሐኪም አሠለጠንን፣ ድልድይ ሠራን፣ የራሳችንን ቴምብር አተምን፤ ሁሉም ላይ፣ ከላይ፣ በትንሹ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ስም አለ። አባባ በየዓመቱ የንግሥ በዓል ሲደርስ የእንኳን አደረሰዎ ቴሌግራም ያስልካሉ፤ አንዳንዴ ለማን እንደምንልክ ግራ ይገባን ነበር። የእኛ ሰው ሲሰለቸው ያጉረመርማል፤ ከዚያ ያንተን ነገር ያስታውስና ይተዋል። እዚህ አገር አንተን በመልክ የማያውቅህ ሰው ሁሉ በነገርህ ያውቅሃል። ወጣቶቹ እንኳ «ልጁ» ነው የሚሉህ፤ አርባ ዓመት ሊሞላህ ሲል!

ትምህርትህን ጨርሰህ እዚያው የውጭ ጉዳይ ቢሮ ሥራ እንደያዝክ የሰማን ጊዜ አባባ ሰው ላኩብህ። የመለስከውን አንተም ታውቀዋለህ። አንዲት መስመር ናት፤ «የምጽፍለት አባት የለኝም»። አባባ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቧት፣ «እጅ ጽሑፉ አምሮለታል» አሉ። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ግንቡን ሊያዩ ወጡ። እሳቸው አልተቀየሙህም። እኔ ግን ተናድጄብህ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ አሁንም ጥቂት ቀርቶኛል። ስትመጣ ፊቴ ከኮሰተረብህ ምክንያቱን ዕወቀው። ደግሞ እልሃለሁ፣ አንተን በሆንኩ ኖሮ እኔም ያንኑ ሳልጽፍ አልቀርም ነበር። በዚያ ዕድሜዬ አባቴ ገበያና በቅሎ መርጦብኛል ቢሉኝ ሌላ ምን እላለሁ?

ማረፋቸውን የሰማኸው ከጋዜጣ መሆን አለበት። ባለፈው ዓመት ነው፤ ልባቸው ነው የደከመው። ሕመም አልበዛባቸውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ጎናቸው ተቀምጬ ፖስታ ሳነብላቸው «ስሙ ወረቀቱ ላይ አለ?» አሉኝ።

«አለ አባባ።»

«ልጁ እስኪወጣ እንዳትነኩት» አሉ። ስለ አገር የተናገሩት የመጨረሻ ነገር ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ያወሩት ሁሉ ስለ ትራስ፣ ስለ ሾርባና ስለ ጎረቤት ውሻ ጩኸት ነው።

ምክር ቤቱ ኮሎኔሉን መሪ አደረገ። አሁን ምን ይጠበቃል፣ ይታወጅ የሚል ሐሳብ መጣ፤ እውነታቸውን ነው፣ ብዙ ታግሠዋል። እማዬ በጥቁር ልብሷ መጥታ ከአዳራሹ መካከል ቆመች። እሷ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። «ባሌ አርፏል። ልጄ ግን አሁንም እዚያው ነው» አለችና መቀመጫ ፈልጋ ተቀመጠች። ኮሎኔሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስም ሳይኖረን ይህን ያህል ኖረናል፤ ጥቂት ብንቆይ አንሞትም» አሉ። ባለ ወፍጮዋ ከሁሉ ቀድማ እጇን አወጣች።

አሁን ደግሞ የአንተ ቢሮ ጻፈልን። እዚያ ዱቄት መጥፋቱን፣ ከከተማው ቅጥር ወዲያ የሚታዘዝ እንደሌለ፣ ዋናው ከተማ ራሱ እንደ እኛው አንድ ክፍለ አገር ያህል እንደቀረ እንሰማለን። አልፎብናልና አንስቅባችሁም። ውስጡ ያለው ወረቀት ግን «ለነጻው መንግሥት» ይላል። እንዲህ ብሎ የጠራን የመጀመሪያው ወረቀት ከሰሜኖቹም ከምሥራቆቹም አልመጣም፤ ከራሱ ከዙፋኑ ነው የመጣው፣ ያንተ ፊርማ ያለበት። ኮሎኔሉ ሲያነቡት ቅንድባቸው ከፀጉራቸው ጋር ተገናኘ። ለካ እኛ ያልደፈርነውን እናንተው ጻፋችሁት! ውሉን ፈርመህ እዚህ አገር ላይ ቆመህ ሳለ ምክር ቤቱ ያንኑ ቀን የወረቀታችንን ራስጌ ይቀይራል። ትናንት ማታ ተወስኗል። ከዚያ በኋላ ብትፈልግ ትመለሳለህ፣ ባትፈልግ ትቀራለህ፤ በማንም እጅ መያዣ አይደለህም።

ስለ አቀባበሉ አስቀድሜ ልንገርህ፣ ግራ እንዳይገባህ። ኮሎኔሉ ይጨብጡሃል። ሙዚቀኞች አሉን፤ ብዙም አይችሉም፣ አትሳቅባቸው። እኔ በሰልፉ ሦስተኛ እቆማለሁ። ሥርዓቱ እንዲህ ስለሆነ «ክቡርነትዎ፣ እንኳን ደህና መጡ» እልሃለሁ፣ አንተም «አመሰግናለሁ» ትለኛለህ፤ ከቻልክ። እኔ መቻሌን እጠራጠራለሁ። ስለ ድንበሩ ወንዝ አንቀጽ ላይ ደግሞ አልለቅልህም፤ እህቴ ናት ብለህ እንዳትዘናጋ። አባባ የተኙበት ቦታ ከግንቡ በላይ ነው፤ ከፈለግክ ብቻህን፣ ካልፈለግክ አብረን እንሄዳለን፤ መሄድም ካልፈለግክ ማንም አያስገድድህም።

ይህን ስጽፍ እማዬ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። ዐይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። የጽሕፈት መኪናው ድምፅ ሲበዛባት ጊዜ «ለማን ነው ይህን ያህል?» አለችኝ።

«ለልጅሽ።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽለት?»

«የሆነውን ሁሉ።»

ጥቂት አሰበች። «ሁሉን ምን ያደርግለታል? ያንን ሲመጣ እኔ እነግረዋለሁ» አለች። «አንቺ 'ና' በይው ብቻ።»

እንግዲህ እማዬ ና ብላሃለች።

ና።

እትዬ